የተቆረጠ ትል የጎደለውን እንዴት ያውቃል? የሁለተኛ ወር ማስታወሻ

ፕላናሪያ የተባለውን ጠፍጣፋ ትል ማርባት ከጀመርሁ ሁለተኛ ወሬን ይዣለሁ። የመጀመሪያው ወር በአብዛኛው የከሸፈ ነበር፤ የጠገቡ ትሎችን በምላጭ ስቆርጥ ውኃው በማግስቱ ተበላሽቶ ቁራጮቹ ሟሙብኝ። አሁን ከመቁረጤ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል አላበላቸውም።

በዚህ ወር አንዱን ትል ራስ፣ መሃልና ጅራት አድርጌ ለሦስት ከፈልሁት። ከጥቂት ቀናት በኋላ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ነጣ ያለ እምቡጥ ወጣ፤ በ7ኛው ቀን ገደማ ደግሞ በመሃለኛውና በጅራቱ ቁራጭ ላይ ሁለት ሁለት ጥቁር የዓይን ነጥቦች ታዩ። ያልጠበቅሁት የራሱ ቁራጭ መብላት አለመቻሉን ነው። የፕላናሪያ አፍ የሚገኘው በሆዱ መሃል ስለሆነ፣ ይህ ቁራጭ አዲስ አፍ እስኪያበጅ ድረስ የገዛ አካሉን እያሸጋሸገ ይቆያል።

ለአዲሱ አካል መሥሪያ የሚሆኑት ኒዮብላስት የሚባሉት ግንድ ህዋሳት፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ የሚችሉ ህዋሳት ናቸው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አንዲት ኒዮብላስት ብቻ በጨረራ የተጎዳን ትል መልሳ ልትተካ እንደምትችል አሳይቷል። እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ምላጩ ባለፈበት መስመር ግራና ቀኝ ያሉት ህዋሳት ከአፍታ በፊት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ታዲያ ስለምን በአንደኛው ወገን ጅራት፣ በሌላው ራስ ይበቅላል?

አቅጣጫውን የሚያውቁት ራሳቸው ኒዮብላስቶቹ ይመስሉኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። የቦታውን መረጃ በአብዛኛው የሚይዙት የጡንቻ ህዋሳት ናቸው፤ ዊንት የተባለው የመልእክት ፕሮቲን በበረታበት ጫፍ ጅራት፣ በተገታበት ጫፍ ራስ ይበቅላል። ዊንት1 በማንኛውም ቁስል ላይ ሲነሣ፣ እርሱን የሚገታው ኖተም ግን በተለይ ወደ ፊት በዞረ ቁስል ላይ ይመረታል። በ2008 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የዊንትን መልእክት የሚያደርሰውን ቤታ ካቴኒንን ዝም ባሰኙ ጊዜ፣ ጅራት ይጠበቅበት በነበረው ቁስል ላይ ራስ በቅሏል።

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ቶማስ ሀንት ሞርጋን እጅግ ቀጭን ቁራጮች አንዳንዴ በሁለቱም ጫፍ ራስ እንደሚያበቅሉ ከመቶ ዓመት በፊት ስለ ተመለከተ፣ እኔም 8 ቀጫጭን ቁራጮች አዘጋጀሁ። እጄ እንደ እርሱ የሠለጠነ አይደለምና ሦስቱ ሞቱ፤ ከቀሩት አምስቱ መካከል ባለ ሁለት ራስ እስካሁን አላየሁም።