ለስቬን ዩናይትዶችም አዝነናል
ነሐሴ 2024 ላይ አንድ ማታ ሐዋሳ ፒያሳ የምንሰበሰብባት ካፌ ውስጥ ብሽሽቅ የሚባል ነገር አልነበረም። የቀድሞው የማንችስተር ሲቲ አሰልጣኝ ስቬን ጎራን ኤሪክሰን በ76 ዓመቱ አርፎ ነበር። ቀድመን «ነፍስ ይማር» ያልነው ደግሞ እኛው የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ነን፤ በ2007/08 ሲቲን ይዞ ደርሶ መልስ የቀጣንን ሰው!

በሜዳችን ኦልድ ትራፎርድ 2ለ1 የረታን ያኔ የዩናይትድ ተጫዋቾች የሞቱበት የሙኒክ አውሮፕላን አደጋ 50ኛ ዓመት በታሰበበት ጨዋታ ነበር። የሲቲ ደጋፊዎች የኅሊና ጸሎቱን ጸጥ ብለው አከበሩልን። ከዚያ የሲቲዎቹ ቫሴልና ቤንጃኒ አገቡብን እንጂ።

በየሳምንቱ የሚያበግነን የሲቲው ባጃጅ ሹፌር ጥግ ይዞ ማኪያቶው ፊት ለፊቱ ቀዝቅዟል። «አይዞህ ወንድሜ» ብዬ ትከሻውን ቸብ ባደርገው፣ «ለቀስተኛ ከሆናችሁ ሂሳቡን ክፈሉዋ!» አይለኝም? ከፈልን፤ ምን እናድርግ።

ስቬን በቆሽት ካንሰር መያዙን በዚያው ዓመት ጥር ላይ ራሱ ተናግሮ፣ ቢበዛ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንደቀረው ሲገልጽ አልተርበተበተም። መጋቢት ላይ ሊቨርፑል፣ ከልጅነቱ የሚደግፈው ክለብ፣ የቀድሞ ኮከቦቹን በሜዳው አንፊልድ ላይ እንዲመራ ጋበዘው፤ የአያክስን የቀድሞ ኮከቦች 4ለ2 አሸንፈው ሸኙት። ሊቨርፑልን ማመስገን ሞቴ ነው፤ ይቺን ግን አሳምረው ሠርተዋታል።