«ምንም አልሆንሽም» ከተባልኩ በኋላ

ከመኪና አደጋ ለጥቂት ያመለጠ ሰው ጠያቂ የለውም። እጁ ቢሰበር ብርቱካንና ሙዝ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። የሐኪም ወረቀትም የመሥሪያ ቤት ፈቃድም ያገኛል። ለጥቂት የተረፈ ግን «እንኳን እግዜር አተረፈሽ» ይባልና ጨዋታው ወደ ሌላ ይዞራል። የእኔም ነገር እንዲሁ ነበር። እኔም መኪናዬም ጭረት አልነበረብንም። ግን ከዚያ በኋላ ለወራት መሪ ስጨብጥ እጄን ያልበኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። እማዬን ይዤ ከደሴ እየተመለስኩ ነበር። ደብረ ሲናን አልፈን የጣርማ በርን ዳገት ጀመርን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣሊያን ከሠራው ዋሻ እስኪደረስ ጥምዝምዝ ነው። ጭጋግ ከወረደበት ደግሞ የራስ መኪና ኮፈን እንኳ በግድ ነው የሚታየው። አራቱንም ፍሬቻ አብርቼ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ እወጣለሁ። መብራቴ አጭሩ ነው፤ ጭጋግ ውስጥ ረጅሙን ያበራ ሰው ብርሃኑ ተመልሶ የገዛ ዓይኑን ነው የሚያጠፋው። እማዬ ጋቢና ተቀምጣ የደብረ ሲና ቆሎዋን ከላስቲክ እያወጣች ትቆረጥማለች።

ከጭጋጉ ውስጥ ሁለት መብራት ወጣ። በእኔ መስመር። ባለ ተሳቢ ጭነት መኪና በዚያ ቁልቁለት ሌላ መኪና ደርቦ ይወርዳል። መሪውን ወደ ተራራው በኩል ጠመዘዝኩት፤ የቀኝ ጎማዎቼ ቦዩ ውስጥ ገቡ። ጡሩምባው ጆሮዬን ደፈነው። መኪናዬ በነፋሱ ተወዛወዘች፣ የተቃጠለ ፍሬን ሸተተኝ፣ አለፈ። ስፖኪዮዬን እንኳ አልነካውም። አልቆመምም።

እማዬ «በስመ አብ» ብላ ጀምራ መጨረስ አቃታት። ቆሎው ክሩስኮቱ ላይ፣ ጉልበቴ ላይ፣ ፍሪሲዮኑ ሥር ተበትኗል። እኔ ግን ረጋ ብዬ ነበር። ሞተር አጠፋሁ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ወርጄ ጎማዎቹን አየሁ። የአካባቢው ልጆች ሮጠው መጡና ገፍተው አወጡን። «አይዞሽ እህቴ፣ ምንም አልሆንሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ደብረ ብርሃን ገብተን ሻይ ያዘዝን ጊዜ ግን ብርጭቆውን ማንሳት አቃተኝ። ብርክ ይዞኛል። ሻዩ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

በኋላ እንደተረዳሁት ይህ መዘግየት ያለ ነገር ነው። አደጋ ሲመጣ ሰውነት አድሬናሊን ይረጭና መጀመሪያ ሥራውን ይሠራል። መንቀጥቀጡ ሥራው ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ያልገባኝ ከዚያ በኋላ ለምን እንደማይለቀኝ ነበር። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ሁለቱ መብራቶች ይመጣሉ። ከኋላዬ ጡሩምባ ሲነፋ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርድ ሚኒባስ ፍሬኑ ሲሸት ልቤ ድው ድው ይላል። መንዳት ትቼ ራይድ መጥራት ጀመርኩ። እዚያም የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ በሌለ ፍሬን ላይ እግሬን እጫናለሁ። አንዱ ሹፌር በመስታወቱ አይቶኝ «እህት፣ ፍሬኑ እኮ እኔ ጋ ነው» አለኝ። ሳቅኩ። ስወርድ ግን ሆድ ባሰኝ።

መካሪ ደግሞ ሞልቷል። አጎቴ ማታ ማታ አንድ መለኪያ አረቄ አዘዘልኝ። ሞከርኩት። ቶሎ ያስተኛል፤ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፍጥጬ እነቃለሁ። ጎረቤታችን ከራሷ መድኃኒት ቆጥራ ዲያዜፓም የሚባለውን የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ኪኒን አመጣችልኝ። እሱን አልዋጥኩትም፤ ደግም አደረግኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ከእንዲህ ያለ ድንጋጤ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር የዚህ ዓይነት መድኃኒት ለጭንቀቱም ለእንቅልፍ ማጣቱም እንዳይሰጥ ይመክራል። ወንድሜ ደግሞ «ነገ ተነስተሽ ያንኑ መንገድ ንጂው» አለ። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን በኋላ እነግራችኋለሁ።

እማዬ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ወሰደችኝ። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ በዚያ ብርድ። ውሃው ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ጮህኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ከጣርማ በር ወዲህ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው። ጸበሉ ነው ወይስ ብርዱ ብዬ አልመረመርኩም። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ማንነቴን ሳያውቁ «እሰይ፣ ይውጣልሽ» አሉኝ። በዚያ ሰሞን «ምንም አልሆንሽም» ሳይለኝ ያለፈ ሰው ካለ እነሱ ናቸው።

የእማዬን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ አብራኝ የነበረችው እሷ ለምን ቶሎ ዳነች? ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር ታወራዋለች። በመጀመሪያው ሰሞን ወሬው ከአቦል እስከ በረካ ይዘልቅ ነበር። መኪናው ተራራ ያክላል፣ ገደሉ አፉን ከፍቷል፣ ጊዮርጊስ ራሱ መሪውን ይዞታል። እኔ ተነስቼ ጓዳ እገባለሁ። ውሎ ሲያድር ታሪኩ እያጠረ መጣ። ጎረቤቶቹ ይጠይቋታል፣ ያርሟታል፣ ያስቋታል። ቆሎዋ ስለተደፋባት አዝናለች ተባለ። መጨረሻ ላይ «አንድ ክፉ ሹፌር ለጥቂት ሊፈጀን ነበር» ብላ ወደ በርበሬ ዋጋ ታልፍ ጀመር። ማንም ተናገሪ ብሎ አላስገደዳትም። ስትፈልግ ትጀምራለች፣ ሲበቃት ታቆማለች። ይህ ቁም ነገር ነው። አንድ ሰው አደጋ በደረሰበት ሰሞን አስቀምጦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዲዘረግፍ መገፋፋት እንደማይጠቅም ባለሙያዎች ከተስማሙ ቆይተዋል። እየዘጋሁ ጓዳ መግባቴም ግን አልጠቀመኝም።

የአእምሮ ጤና ነርስ የሆነች ጓደኛ አለችኝ። እሷ ነች ነገሩን ፈር ያስያዘችልኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ መበርገግ፣ ትዝታው ድንገት መምጣቱ ጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ነው አለች። ብዙ ሰው በራሱ ጊዜ ይለቀዋል። ከአንድ ወር ካለፈ፣ ሥራና ኑሮ ካደናቀፈ ግን «ይለቀኛል» እያሉ መቀመጥ አይገባም። እንደ አማኑኤል ያለ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የሚሄደው «ያበደ» ብቻ የሚመስለው ሰው ዛሬም ብዙ ነው፤ እኔም ቤተሰብ መሃል ስሙን ሳነሳ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። ወሩ አልፎኝ ስለነበር ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ላከችኝ።

ይቺው ጓደኛዬ ስለ አንድ ጥናት ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነው። ኦክስፎርድ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የገቡ 71 የመኪና አደጋ ተጎጂዎች ላይ የተሠራ። ገሚሶቹ አደጋው በደረሰ በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ የሆነውን ለአፍታ አስታውሰው ቴትሪስ ተጫወቱ፤ ከላይ የሚወርዱ ቅርጾችን እያዞሩ የሚገጣጥሙበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በቀጣዩ ሳምንት ድንገት የሚመጣባቸው የአደጋው ምስል ካልተጫወቱት ያነሰ ሆነ። ዓይነ ልቦና በሌላ ሥራ ሲጠመድ ምስሉ እንደልቡ አይተከልም ነው ሐሳቡ። ለእኔ ጊዜው አልፎብኛል። ያም ሆኖ ሌሊት መብራቶቹ ሲመጡ ተነስቼ ኪሮሽ መሥራት ያዝኩ። ከጥናቱ ጋር አንድ ነው ብዬ አልምልም። የሶፋው ልብስ ግን አለቀ።

ባለሙያዋ ቁጣዬን አስቀድማ አየችው። አደጋ ቢደርስ ትራፊክ ይመጣል፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ሽማግሌ ይላካል። እኔ ማንን ልክሰስ? ሰሌዳውን አላየሁ፣ ፊቱን አላየሁ። ስለዚህ ከተማው ውስጥ መንገድ ከሚዘጋብኝ ሚኒባስ ሁሉ ጋር እጣላለሁ። «ፍርሃትሽ ነው የቁጣ ልብስ የለበሰው» አለችኝ። ያኔ ደስ አላለኝም።

ወንድሜ ያለውን ግማሽ እውነት የሞላችልኝም እሷ ናት። መሸሽ ፍርሃትን ያሳድገዋል፤ እስከዚህ ልክ ነው። ግን በአንድ ጊዜ ጣርማ በር መሄድና ግማሽ መንገድ ላይ ፈርቶ መመለስ ጭራሽ ይብሳል። ፍርሃቱ ጫፍ ላይ ሳለ ጥለሽ ከሸሸሽ ሰውነትሽ «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ብሎ ይይዛል። እንደ ግቢ ውሻ ነው፤ አንዴ ሌባ ከገባ በኋላ ዳቦ አምጪውንም ይጮህበታል፣ ዳቦ አምጪው ብዙ ጊዜ በሰላም መጥቶ በሰላም ካልሄደ ዝም አይልም። ስለዚህ ፍርሃቴን ከዜሮ እስከ አሥር እየለካሁ ከቀላሉ ጀመርኩ። ግቢ ውስጥ ሞተር አስነስቶ ሬዲዮ መስማት። እሁድ በጠዋት ሰፈር ውስጥ መዞር። ቀለበት መንገድ። የሚከብደኝ ላይ ስደርስ ቁጥሩ በግማሽ እስኪወርድ ከቦታው አልነሳም።

ቃሊቲ ላይ ነው የከበደኝ። ከባድ መኪና በግራም በቀኝም። ቁጥሬ ስምንት ገባ። ትንፋሼን በረጅሙ እያወጣሁ የፊቴን መኪና ታርጋ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ኮድ 3። ቀጥሎ ያለውም ኮድ 3። አፌ የሚያነበው አሁን ያለውን ስለሆነ ጭንቅላቴም ጣርማ በር መሄዱን ይተዋል። ከዚያ ዳር ይዤ ቆምኩና የሹፌሮች ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ጭነት መኪኖቹ አፍንጫዬ ሥር ያልፋሉ። ሽታውም አለ። ሁለተኛውን ስኒ ስጨርስ ቁጥሬ ወደ አራት ወርዷል።

አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰውዬ የተሳቢ ሹፌር ናቸው። ለምን እዚህ እንደተቀመጥኩ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። ሳይቆርጡኝ ሰሙኝ። ከዚያ «በየት በኩል ነበር የመጣብሽ? ማን ነበር አብሮሽ? ስንት ማርሽ ላይ ነበርሽ?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን እንዲህ ዝርዝሩን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እሳቸውም በዚያ ቁልቁለት ፍሬን ሞቆ አልይዝ ያላቸውን ቀን አወሩልኝ። «እኛም እኮ እንፈራለን ልጄ» አሉ። «የሚደርበው ግን ጥጋበኛ ነው።» ያንን ሹፌር ይቅር አላልኩትም። እንደ ድሮው ግን ጭነት መኪና የያዘ ሁሉ እሱ አይመስለኝም። ከሚኒባሶቹ ጋር መጣላቴም በዚያው ቀረ።

ከቃሊቲ በኋላ ያለው ቶሎ ነው የሄደው። ሸኖ፣ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ጣርማ በር በጠራ ቀን፣ ከወንድሜ ጋር። ዋሻው አፍ ላይ ቁጥሬ ሰባት ነበር፣ ደብረ ሲና ስንወርድ ሦስት። ጭጋግ ባለበት ቀን ለመድገም ሌላ ክረምት መጠበቅ ነበረብኝ፤ ደገምኩት። ባለሙያዋ እግረ መንገዷን ያስጣለችኝ ነገርም አለ። መሪውን አንቄ መያዝ፣ ኩርባ ላይ ሁሉ ጡሩምባ መንፋት፣ እማዬን «ጸልዪ» እያልኩ ማስጨነቅ። እማዬ ጸሎቱን አልተወችም። ራሷ ስትፈልግ ነው የምትጸልየው።

ዛሬ በዚያ መንገድ ሌሊት አልነዳም። ወንድሜ «ይሄም ሽሽት ነው፣ አልዳንሽም» ብሎ ይሟገተኛል። አንድ ቀን ሙግቱ ሲከር ባለሙያዋ ጋ ደውዬ ጠየቅኳት። በጭጋግ አገር በሌሊት አለመንዳት በሽታ አይደለም፣ እኔም አልነዳም አለችኝ። ድምፁን ለቅቄ ነበር ያወራኋት። አልተዋጠለትም። እንግዲህ በሌሊት ከደሴ መነሳት ካለብን መሪው የእሱ ነው፤ እኔ ከኋላ እተኛለሁ።