ከሲኤምኤል ጋር በገና መማር፦ እስካሁን የደረስኩበት

እንደኔ ሲኤምኤል ያለባችሁ ወዳጆቼ፣ የበገናው ትምህርት የት እንደደረሰ ስትጠይቁኝ ስለከረማችሁ ይኸው ጻፍኩ።

ለአዲሶች ትንሽ ልበል። ሲኤምኤል ብዙም የማያጋጥም የደም ካንሰር ነው። 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ሲለዋወጡ የተበላሸ ጂን ይፈጠራል፤ ነጭ የደም ሴል ያለልክ ይመረታል። ከወላጅ አይወረስም። ኢማቲኒብ በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። መድኃኒቱ የሠራላቸው ብዙ ሰዎች ከጤነኛ እኩዮቻቸው ብዙም ያላነሰ ዕድሜ ይኖራሉ። እኔም ክኒኑን ጥቁር አንበሳ፣ በማክስ ፋውንዴሽን በኩል በነፃ እወስዳለሁ።

ሐኪሜ ይህን ሲነግረኝ ወዲያው አላመንኩም። ካንሰር ሲባል ሁላችንም ወደ አንድ ነገር ነው የምንሄደው። ውሎ አድሮ ሲገባኝ ግን ልቤ ያለው አንድ ነገር ነው፦ እንግዲያው ዓመታት የሚፈጅ ነገር መጀመር እችላለሁ! ከልጅነቴ የምመኘው ደግሞ በገና ነበር።

በገና አይቸኩልም። አውታሮቹ 10 ናቸው፤ ከበግ አንጀት ይገመዳሉ። በተለመደው አደራደር ግን ሁሉም አይመቱም፤ አንዳንዶቹ ጣት ማሳረፊያ ናቸው። ያ የሚያስገመግም ድምፅ የሚመጣው ከአውታሩ ሥር ከሚገባው እንዚራ ነው። ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት፤ ቦታዋን ከሳተች ድምፁ ይሞታል። እሷን ማስተካከል ብቻ ስንት ከሰዓት በላብኝ! ግን ደስ ይለኛል። በዚያ ሰዓት ስለ ደም ውጤት አላስብም።

ያስቸገረኝ የጡንቻ መኮማተር ነው። ኢማቲኒብ የምትወስዱ ታውቁታላችሁ። በገና የሚመታው በግራ እጅ ነው፣ የእኔም ግራ እጅ ድንገት ይጨብጣል። ለሐኪሜ ነገርኩት፤ በደሜ ያለውን የማዕድን መጠን አስመረመረኝ። አሁን አጭር አጭር አድርጌ ነው የምለማመደው፣ ሲይዘኝም እጄን ለብ ባለ ውሃ እነክራለሁ። ክኒኑን ግን አልዘልም። እናንተም እባካችሁ እንዳትዘሉ፤ በሽታው እንዲያገረሽ መንገድ መክፈት ነው።

ሁዳዴ ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ተነሳ። የበገና ወቅቱ ሁዳዴ ነው፣ ክኒኑ ደግሞ ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ነው የሚወሰደው። በባዶ ሆድ ያጥወለውላል። የንስሐ አባቴ «እንደ አቅምሽ ይሁን ልጄ» አሉኝ። ሐኪሜም በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱን ወደ 9 ሰዓት እንዳዞር ፈቀደልኝ። ስለዚህ 9 ሰዓት ላይ ሽሮዬን በልቼ፣ ክኒኔን ውጬ በገናዬን አነሳለሁ። ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ግን ሰዓት አትቀይሩ።

አሁን ሰላምታ የሚባለውን የበገና ቅኝት ይዣለሁ። መምታቱ ብቻውን ከሆነ ይሄድልኛል፤ ዜማው ሲጨመር ጣቴ ከድምፄ ይቀድማል። የሲኤምኤል ዓለም አቀፍ ቀን ሴፕቴምበር 22 ነው፣ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 12። ያን ቀን ከታካሚ ጓደኞቼ ጋር ቡና ልናፈላ ተነጋግረናል፣ እኔም አንድ መዝሙር እያጠናሁላቸው ነው። በገና ወይም ክራር የምትጫወቱ ካላችሁ፣ ከልምምድ በፊት ጣታችሁን የምታፍታቱበትን መንገድ ጻፉልኝ።