ሎጊያ ላይ ኮምፒውተር ለመትከል ሦስት ጊዜ ተሸነፍኩ

አጎቴ አፋር ክልል ሎጊያ ውስጥ፣ ከጅቡቲ መንገድ ዳር፣ የከባድ መኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። የሽያጭና የዕቃ መዝገባቸውን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር እንዳዞርላቸው ጠየቁኝ። እኔ አዲስ አበባ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ይሄማ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው ብዬ ወረድኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የወሰድኩላቸው ተራ ዴስክቶፕ ነበር። ሱቁ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ተሳቢ ሲያልፍ የሚነሳው አቧራ በቀዳዳው ሁሉ ገባ። ስድስት ወር ሳይሞላው ፋኑ እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ከዚያ ቆመ። ስከፍተው ውስጡ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀጥለን ላፕቶፕ ሞከርን፣ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ አይጠፋም በሚል። ቀንም ሌሊትም ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ ሰኔ ላይ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ክፍል ውስጥ የሚውል ሊቲየም ባትሪ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ማን ማወቅ ነበረበት? አበጠ። ኪቦርዱን ከሥር ገፍቶ እንደ ዳቦ ኩፍ አደረገው።

ያኔ ነው ትንሽ፣ ፋን የሌለው፣ መብራት የማይበላ ነገር መፈለግ የጀመርኩት። ራስበሪ ፓይ 4 የሚባል፣ አንዲት ሰሌዳ ላይ ያለቀ ትንሽ ኮምፒውተር ገዛሁ። ቤቴ ሁለት ሳምንት ሞከርኩት፤ ሥራ ሲበዛበት ቺፑ 60 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሰላም ነው። ያላሰብኩት አንድ ቀላል ሂሳብ ነበር። ቺፑ የሚሞቀው ከክፍሉ አየር ላይ ተነስቶ ነው። ክፍሌ 22 ሆኖ ቺፑ 60 ከሆነ፣ ልዩነቱ 38 ነው። ሎጊያ ላይ ክፍሉ 42 ሲሆን ያው 38 ይደመርበትና 80 ይሆናል፤ 80 ላይ ደግሞ ፓዩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። አዲስ አበባ ተሞክሮ ደህና የሆነ ነገር ቆላ ላይ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ በሌላ አነጋገር። አንድ ጓደኛዬ "አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ እኮ ነው፣ እዚያ ወፈር ስለሚል የተሻለ ያቀዘቅዝልሃል" አለኝ። ልክ ነው፣ የከፍታ ነገር አለ፤ ግን የ20 ዲግሪን ልዩነት የሚክስ አይደለም።

ለዚህ ወፍራም የአሉሚኒየም ቤት አለበስኩት፣ ቤቱ ራሱ ሙቀቱን ተቀብሎ የሚበትን ዓይነት። ሙቀቱ ወረደ። ፓዩ ግን በየቀኑ እየጠፋ መነሳቱን ቀጠለ። ወር ሙሉ ሀሩሩን ስረግም ከረምኩ። በኋላ አጎቴ በስልክ "ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ መብረቅ ብልጭ ይላል፣ ምንድን ነው?" ሲሉኝ ነው የነቃሁት። ያ ምልክት የሚወጣው ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ነው። የሰካሁት የስልክ ቻርጀር፣ ገመዱም ቀጭንና ሁለት ሜትር! 3 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተርና አጭር ወፍራም ገመድ ስቀይር መጥፋቱ በዚያው ቀን ቆመ። በሙቀት ላይ የደፈደፍኩት ጥፋት ግማሹ የቻርጀሩ ጥፋት ነበር።

የመጨረሻው ምት ፓዩ ሁሉን ነገር የሚያስቀምጥበት ሚሞሪ ካርድ ነው። መብራት እየተጻፈበት ሳለ ሲሄድ፣ አንድ ቀን አልነሳም አለ። የሦስት ሳምንት ሽያጭ ከነነፍሱ ጠፋ። መጠባበቂያ ቅጂ አልነበረኝም፤ እንዳትስቁ። አጎቴ አልተቆጡም፣ መሳቢያቸውን ከፍተው አሮጌውን ደብተር አወጡና "ይሄ መብራት አይፈልግም" አሉኝ። ከቁጣ ይብሳል።

አሁን ያለው ያገለገለ፣ ፋን የሌለው ሚኒ ፒሲ ነው፣ ውስጡ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ ያለው። ፓዩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ዛሬም እኔ አጠገቡ ብሆን እመርጠው ነበር። ሚኒ ፒሲው የሚበልጠው አንድ ነገር ሲበላሽ ሰመራ ያለ ማንኛውም ጠጋኝ ከፍቶ ስለሚያውቀው ነው። ደግሞ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው፣ ስለዚህ ከባትሪ ጋር ይስማማል።

ባትሪውን በተመለከተ አጎቴ "እኔ ጋ ሞልቶ የለ እንዴ!" ብለው አዲስ የመኪና ባትሪ አወጡ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ባንዴ ብዙ እንዲሰጥ እንጂ በየቀኑ ቀስ እያለ እንዲራቆት አልተሠራም። የሶላር ባትሪ እንግዛ ብዬ ግማሽ ቀን ተከራከርን። የገዛነውም ቢሆን ሊድ አሲድ፣ ማለትም እንደ መኪናው ባትሪ በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ ስለሆነ ሙቀት አይወድም፤ የዚህ ዓይነት ባትሪ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያጥራል ይባላል። ስለዚህ ጓዳው ውስጥ፣ ወለል ላይ፣ አየር በሚያገኝበት አስቀመጥነው። ቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጋር ግን አታገናኙት። ሲሞላ ከ14 ቮልት ያልፋል፣ ሲደክም ወደ 11 ይወርዳል፤ መሀሉ ላይ 12ን አስተካክሎ የሚሰጥ ትንሽ ኮንቨርተር ያስፈልጋል።

በዋት መለኪያ ስለካው ኮምፒውተሩ 9 ዋት ነው የሚበላው፣ ስክሪኑ 18! ሳምንታት ሙሉ ስለ ኮምፒውተሩ ፍጆታ ስጨነቅ ሆዳሙ ስክሪኑ ነበር። ከሦስት ደቂቃ በኋላ እንዲጠፋ አደረግኩት።

ቦታው ላይም ቴርሞሜትር ይዤ ዞርኩ። ቆርቆሮው ሥር ያለው መደርደሪያና ደረት ቁመት ላይ ያለው የውስጠኛው ግድግዳ በ7 ዲግሪ ይለያያሉ። ፀሐይ ከሰዓት የምትመታውን ግድግዳ ትቼ፣ ኮምፒውተሩን ውስጠኛው ላይ አቁሜ ሰቀልኩት፣ አየሩ ከሥር ገብቶ በላይ እንዲወጣ።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በአሥረኛው ቀን ተደወለልኝ። ኮምፒውተሩ እሳት ሆኗል፣ አይነካም። በቪዲዮ አሳዩኝ ስል አየሁት፤ አክስቴ አቧራ እንዳይነካው ብላ ነጭ ዳንቴል ከላይ እስከ ታች አልብሳዋለች፣ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳለው ዓይነት። እጇ የሠራው ነው፣ አንሺው ማለት ከበደኝ። ተደራድረን ዳንቴሉ ወደ ስክሪኑ ተዛወረ፣ እሱም ሱቁ ሲዘጋ ብቻ።