ጅማ፣ ቤት ፍለጋ

ጅማ የሄድኩት ለጉብኝት ሳይሆን ቤት ፍለጋ ነው። በምንሠራው ፊልም ውስጥ አንድ ሽማግሌ የእንጨት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ልጃቸውን ይጠብቃሉ፤ መጨረሻ ላይ ቤቱ ይቃጠላል። አርት ዳይሬክተሩ እኔ ስለሆንኩ በረንዳውን የማግኘት ዕዳም የእኔ ነበር። ከካሜራማናችን ጋር ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሣን።

ወልቂጤ ቁርስ በላንና የጊቤን ቁልቁለት ወረድን። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው አገሩ እየለመለመ ሄደ። ሰኮሩንና አሰንዳቦን አልፈን ጅማ ስንደርስ የግንቦት ዝናብ ተቀበለን።

ዝናቡ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ እየጣለ ድምፅ መቅዳት አይታሰብም። ባለፈው ፊልማችን በቀን የተከራየነው ቪላ ውስጥ ሦስት ቀን ያለ ሥራ ተቀምጠናል፤ ኪራዩ ግን ይቆጥር ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ የቆጨኝ ቤቱ ራሱ ነው። ያው የቆዳ ሶፋ፣ ያው ነጭ ደረጃ፤ ከዚያ በፊት በሌሎች ፊልሞች አይቼዋለሁ። ባለታሪኳ ደግሞ መምህርት ናት። በመምህርት ደሞዝ እዚያ ቤት ማን ይኖራል? ተመልካች ዝም ይላል እንጂ ያውቃል።

ካሜራማናችን መንገዱን ሙሉ «ቤት ከምንፈልግ እንሥራ» እያለ ይሞግተኝ ነበር። ማስረጃው እ.ኤ.አ. በ2019 በካን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት አራት ኦስካር ያገኘው የኮሪያዊው ዳይሬክተር የቦንግ ጁን ሆ «ፓራሳይት» ነው። ያ የሀብታሞች ቤት ኮሪያ ውስጥ የትም የለም። ሳሎኑን ከነግቢው ሜዳ ላይ ሠሩት፤ ፎቁን ለብቻው ስቱዲዮ ውስጥ አቆሙት፤ ከውጭ የሚታየውን ፎቅ ኮምፒውተር ጨመረው። ቦንግ ስክሪፕቱን ሲጽፍ ገና ማን ከየት እንደሚያጮልቅ፣ ማን የት እንደሚደበቅ ወስኖ ስለነበር፣ ዲዛይነሩ ሊ ሃ ጁን ግድግዳውን በዚያ ልክ አቆመለት። ቦታውንም የፀሐይዋን አቅጣጫ አጥንተው ነው የመረጡት። የድሆቹ ሰፈር በጎርፍ መጥለቅለቅ ስላለበት ውሃ የሚሞላ ገንዳ ውስጥ ተገነባ። «ልጅ ሆነን ያየነው ‹ሆም አሎን› እንኳ» አለኝ፣ «የቤቱ ውስጥ በአብዛኛው አንድ ትምህርት ቤት ጂምናዚየም ውስጥ የተሠራ ነው።»

እኔ የሕንዳዊውን ዳይሬክተር የሳትያጂት ሬይን የመጀመሪያ ፊልም «ፓተር ፓንቻሊ»ን አነሣሁበት። ቀረጻው እ.ኤ.አ. በ1952 ተጀምሮ ፊልሙ በ1955 ወጣ። ሬይ ካልካታ አጠገብ ቦራል በምትባል መንደር የፈራረሰ ቤት በወር 50 ሩፒ ተከራየ። ገንዘብ ሲያልቅ ቀረጻው ይቆማል፤ የሚስቱ ጌጣጌጥ ሳይቀር መያዣ ሆኗል። አንድ ቀን ያማረ ነጭ አበባ የሞላበት ሜዳ ላይ ቀርጸው፣ በሳምንቱ ሲመለሱ ከብቶች አበባውን በልተውታል። ድጋሚ እስኪያብብ ዓመት ጠበቁ። የዚያ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ድህነት ማንም ቀለም ቀቢ አይሠራውም አልኩ። «የሌሊቱን ትዕይንትስ ስቱዲዮ አይደል የቀረጹት?» አለኝ። እውነቱን ነው። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ ይዘን ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ጅሬን ወጣን። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ለፊልማችን ይሆናል ብለን አይደለም፤ የእንጨት ቤት እንዴት እንደሚቆም ከዚያ የተሻለ አስተማሪ ስለሌለ ነው። ካሜራማናችን ብርሃን መለኪያውን አውጥቶ ከግቢው ወደ በረንዳው፣ ከበረንዳው ወደ ክፍሉ ተራመደ። የጣሪያው ክፈፍ ወደ ውጭ ረዝሞ ስለወጣ ፀሐይዋ በቀጥታ አትገባም፤ ከመሬቱ ነጥራ፣ ለስልሳ ነው ክፍሉ የምትደርሰው። እኛ በነጭ ጨርቅና በሰሌዳ የምንታገልለትን ብርሃን የጅሬን አናጢዎች በክፈፍ ሠርተውታል። ረጅም ሰዓት ቆምን፤ ሁለታችንም መሟገቱን ተውነው።

ከሰዓት በኋላ በአሮጌው ሰፈር ስንዞር ባለ እንጨት በረንዳ ቤት አየን። የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት እማማ፣ በር ላይ ቡና እየቆሉ ነበር። አስገቡንና ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሰጡን። ሁለተኛው ስኒ ላይ ደፍሬ የመጣንበትን ተናገርኩ። ስክሪፕቱን እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ደብቄ ቤታቸውን መከራየት አልፈለግሁም።

«ታቃጥሉታላችሁ?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ የእርስዎን ቤት አንነካም። የሚቃጠለውን ሌላ ቦታ በእንጨት እንሠራለን። ከፊት ብቻ የሚታይ።»

ይህን ስል ስለ ሩሲያዊው ዳይሬክተር ታርኮቭስኪ አሰብኩ። የመጨረሻ ፊልሙን «መሥዋዕት»ን እ.ኤ.አ. በ1985 ስዊድን፣ ጎትላንድ ደሴት ላይ ሲቀርጽ፣ ለማቃጠል ያሠራው ቤት እየነደደ ካሜራው ቆመ። ቤቱ አመድ ሆነ፤ ምስሉ አልተገኘም። በሁለት ሳምንት ገደማ መልሰው ሠሩት፣ መልሰውም አቃጠሉት። ዛሬ ፊልሙ ላይ የምናየው ሁለተኛው ቤት ነው። እኛ ሁለተኛ ቤት የምንሠራበት ገንዘብ የለንም። አንዴ ብቻ ነው የሚነደው፤ እንጨቱም አዲስ ከሆነ አዲስነቱ ይታያል።

ለካሜራማኑ ይህንኑ በሹክሹክታ ስነግረው እማማ ሰምተዋል። ሳይናገሩ ተነሥተው ወደ ጓሮ መሩን። አጥሩ ሥር፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ተከድኖ፣ የበረንዳው የቀድሞ እንጨት ተደርድሯል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ በረንዳውን ሲያድሱ ያነሡት ነው።

«ምስጥ ጀምሮታል። ለማገዶ አሳዝኖኝ ነው የተውኩት» አሉ። «ይሄን አቃጥሉት። ቤቱን ግን በደንብ አሳዩት።»

ካሜራማናችን ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮውን አነሣ። ሜትሬን አወጣሁ። አራት ምሰሶ፣ አንድ መዝጊያ፣ ሰባት የመደገፊያ እንጨት፤ አንዱ ላይ የልጅ ቁመት የተለካበት የቢላ ጭረት አለ።