ንፋስ የሚያስገባ የፒቪሲ መስኮት፦ ሲሊኮን ከመግዛት በፊት

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል፣ ባለ ሁለት መስታወት የፒቪሲ መስኮት ያስገጠመ ሰው ጥቅምት ሲገባ ምሬቱ አንድ ነው፦ ያን ሁሉ ብር አውጥቼ ብርዱ አልቀረልኝም። የሚጠራው ባለሙያም አብዛኛውን ጊዜ ሲሊኮን ታጥቆ ይመጣል። መዝጊያው፣ ማለትም የሚከፈተው ክፍል፣ ከፍሬሙ የሚገናኝበትን ዙሪያ ይለስነዋል፤ ከዚያ በኋላ መስኮቱ አይከፈትም፣ ንፋሱ ግን ሌላ ቀዳዳ አያጣም። የቤቴን መስኮቶች ራሴ ሳስተካክል ሲሊኮን የነካው ፍሬሙ ከግድግዳው የሚጋጠምበትን ጠርዝ ብቻ ነው። የቀረው በ4 ሚሊ አለን ኪ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ)፣ በካቻቢቴ፣ በፒንሳና መዝጊያውን ዙሪያውን በሚያሽግ ጥቂት ሜትር ጎማ አለቀ።

ንፋሱ የት እንደሚገባ ሳይታወቅ ምንም አይነካም። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲበረታ በርና መስኮቱን ሁሉ ዘግቼ፣ መጋረጃውን አንስቼ፣ ሰንደል ለኩሼ በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ እያልኩ አዞራለሁ። ጭሱ ቀጥ ብሎ መውጣቱን ትቶ ወደ ጎን የሚሸሽበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አደርግበታለሁ። ቀጥሎ ወረቀት ነው፦ ከደብተር የተቀደደ፣ 3 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ በመዝጊያውና በፍሬሙ መሃል አስገብቶ መስኮቱን ቆልፎ መሳብ፣ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ። ወረቀቱ እንቢ ካለ ጎማው እየሠራ ነው። በእጀታው በኩል ከላይ ላልቶ ከታች መዝጊያው ፍሬሙን የሚፍቅ ከሆነ መዝጊያው ወርዷል። ዙሪያውን እኩል ከላላ ጣጣው መቆለፊያው ላይ ነው። አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ከሆነ ጎማው ተጨፍልቋል ወይም ተሰብስቧል።

ቅደም ተከተሉ ማጠፊያ፣ መቆለፊያ፣ ጎማ ነው። መዝጊያው እንደወረደ መቆለፊያውን ማጥበቅ አንዱን ጎን አስጨንቆ ሌላውን ክፍት ይተዋል፤ እጀታውም በኃይል ካልሆነ አይዞርም።

የታችኛው ማጠፊያ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ወደ ላይ ስቦ ማውጣት ነው። ከአናቱ ያለው ብሎን መዝጊያውን ያነሳዋል፤ በአብዛኛው ወደ ቀኝ ሲዞር ይነሳል። በጎን በኩል ያለው ግራና ቀኝ ይገፋዋል። የላይኛው ማጠፊያ ብሎን መዝጊያው ሲከፈት የማጠፊያው ክንድ ላይ ይታያል፤ እሱ ሲጠብቅ የመዝጊያው አናት ወደ ማጠፊያው ይሳብና በእጀታው በኩል የወረደው ማዕዘን ቀና ይላል። ግማሽ ዙር አዙሮ፣ ዘግቶ፣ ማየት። ማስተካከያው የሚሰጠው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ አልዞርም ያለን ብሎን ማስገደድ ዋጋ የለውም። ብሎኑ አልቆ መዝጊያው አሁንም ካዘነበለ መስታወቱ የተቀመጠበት ታኮ ተንሸራቷል ማለት ነው። ታኮ በሰያፍ ነው የሚቀመጠው፦ ከታች በማጠፊያው በኩል፣ ከላይ በእጀታው በኩል፤ ያኔ መስታወቱ ራሱ መዝጊያውን ቀና አድርጎ ይይዘዋል። ለዚህ መስታወቱን የሚይዙትን ቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች ከረጅሙ መሃል ጀምሮ በስፓቱላ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ብቻችሁን አትሞክሩት። ሁለት ባለ 4 ሚሊ መስታወት በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ይመዝናል።

መቆለፊያው ላይ ደግሞ መዝጊያው ሲከፈት በጠርዙ ዙሪያ እንጉዳይ የሚመስሉ ትንንሽ የብረት ራሶች ይታያሉ፤ እጀታው ሲዞር አብረው ይንሸራተታሉ። እነዚህ ከመሃላቸው ፈንጠር ተደርገው የተተከሉ ስለሆኑ ሲዞሩ መዝጊያውን ወደ ጎማው ያቀርቡታል ወይም ያርቁታል። ብዙዎቹ አናታቸው ላይ ነጥብ ወይም ጭረት አላቸው፤ ነጥቡ ወደ ጎማው ሲዞር ይጠብቃል። አንዳንዱ በአለን ኪ፣ አንዳንዱ ባለ ኮከብ ጫፍ በሆነ ካቻቢቴ፣ ሞላላው ደግሞ በፒንሳ ይዞራል። ሁሉም እኩል መዞር አለባቸው። ወረቀቱ በጭንቅ የሚሳብበት ላይ ሲደርስ ማቆም ነው፤ እስከ መጨረሻው የተጠበቀ ጎማ ተጨፍልቆ ይቀርና ከዚያ በኋላ የሚጠብቅ ነገር አይኖርም።

ጎማ ከመቀየር በፊት ይታጠብ። በግንባታ መሃል ያለ ሰፈር ውስጥ አቧራና የሲሚንቶ ብናኝ ጎማው ላይ ይጋገራል፤ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በግሊሰሪን ወይም በሲሊኮን ስፕሬይ ሲታሽ ብዙው ነፍስ ይዘራል። ቫዝሊን፣ የሞተር ዘይትና ግራሶ ጥቁሩን ጎማ ያሳብጡታልና አይቅረቡት። መቀየር ካለበት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ ናሙናውን ይዞ መሄድ ነው፤ "የፒቪሲ መስኮት ጎማ" ብሎ በቃል መጠየቅ አይሠራም፣ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው እግር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ርዝመቱ የመዝጊያው ዙሪያ ሲሆን 10 ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል። የሚጀመረው ከላይኛው ጎን መሃል ነው። በአውራ ጣት እየገፉ ማስገባት እንጂ እየጎተቱ አይደለም፦ ተለጥጦ የገባ ጎማ ውሎ አድሮ ይሰበሰብና መጋጠሚያው ላይ አፉን ይከፍታል። ማዕዘን ላይ አይቆረጥም፣ ትንሽ ትርፍ ተሰጥቶት ይታጠፋል። መጨረሻው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ተርፎ ተቆርጦ፣ እየተገፋ ገጥሞ በሱፐር ግሉ ይጣበቃል።

ጭሱ በግድግዳው ጠርዝ በኩል ከሸሸ ብቻ ነው የሲሊኮን ተራ። ፒቪሲ በሙቀት ይለጠጣል፤ 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ፍሬም የሙቀቱ ልዩነት 30 ዲግሪ ሲሆን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በብሎኬቱና በፍሬሙ መሃል የተጠቀጠቀ ሲሚንቶ መሰንጠቁ አይቀርም። የላላውን ጠርጎ ማውጣት፣ ውሃ መርጨት (ፎሙ የሚደርቀው በእርጥበት ነው)፣ የሚነፋውን ፎም ከክፍተቱ ግማሽ ያህል ብቻ መሙላት፣ ሲደርቅ ከርክሞ መሸፈን። ፀሐይ ካገኘው ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል። ሲሊኮኑ ኒውትራል የተባለው ይሁን፤ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ከፒቪሲም ከሲሚንቶም ጋር አይስማማም። በፍሬሙ ታች ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን የውሃ መውጫ ናቸው፤ እነሱን የደፈነ ክረምት ላይ ጎርፉን ቤቱ ውስጥ ያገኘዋል።

በሁለቱ መስታወት መሃል የሚታይ ጉም ከዚህ ሁሉ ጋር አይገናኝም፤ የመስታወቱ ጠርዝ ማሸጊያ ለቋል፣ መስታወቱ ብቻ ይቀየራል። እዚህ አገር ይህ የራሱ ምክንያትም አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቆላ አገር ታሽጎ የመጣ ባለ ሁለት መስታወት እዚህ ሲደርስ ሆዱ ይነፋል፣ ማሸጊያውም ሁልጊዜ እንደተወጠረ ይኖራል። ሲገዛ የት እንደታሸገ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ተንሸራታች መስኮት ካላችሁ ብዙ አትጠብቁ። የሚዘጋው በብሩሽ ነው፣ ብሩሽ ደግሞ ንፋስን ይቀንሳል እንጂ አያቆምም። ያለቀውን ብሩሽ የእግሩን ስፋትና የፀጉሩን ቁመት ለክቶ መቀየር፣ ሐዲዱን መጥረግ፣ ያ ነው።

መስኮቱ በደንብ ከገጠመ በኋላ ቡና በከሰል የሚፈላበት ክፍል እንደ ድሮው አይደለም፤ በየስንጥቁ ይገባ የነበረው አየር ቆሟል። ጭስ የሌለው፣ ፍም የሆነ ከሰልም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ አይሸትም። ከሰሉ ደጅ ይያያዝ፣ ቤት ውስጥ ከገባም ተመልሶ እስኪወጣ መስኮቱ በሰፊው ይከፈት።