የባል ፊርማ ካልተጨመረበት አይጸድቅም ሲሉኝ

ፍልስፍና አጥንታችሁ በሕክምና ሥነ ምግባር ላይ መሥራት ካሰባችሁ፣ ጥያቄያችሁም ስለ ሴቶች ከሆነ፣ ከንባቡ በላይ የሚያደክማችሁ ጥናታችሁን የሚያጸድቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔ ልንገራችሁ።

የመጣሁበትን መንገድ ባጭሩ ልለፈው። ፍልስፍና የደረሰኝ በምደባ ነው፤ ገብቼ ወደድኩት። ማስተርሴን ስድስት ኪሎ ሠራሁ። ክፍለ ሀገር ተቀጠርኩ። ለጤና ተማሪዎች የሥነ ምግባር ኮርስ የሚያስተምር ሲጠፋ ለእኔ ተሰጠኝ።

ሕይወቴን የቀየረው ያ ኮርስ ነው። ስለ ኑረምበርግ አስተምራለሁ፤ የናዚ ሐኪሞች ተዳኝተው እ.ኤ.አ. በ1947 ያለ ሰው ፈቃድ በሰው ላይ ምርምር አይደረግም የተባለበት ነው። ስለ ተስኪጊ አስተምራለሁ፤ አላባማ ውስጥ ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ወንዶች እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ሳይታከሙ እየታዩ የኖሩበት ነው። ተማሪዎቼ ደግሞ ማዋለጃ ክፍል ልምምድ የሚወጡ ልጆች ናቸው። አንዷ እጇን አወጣችና "መምህር፣ እኛ ያለንበት ሆስፒታል ምጥ ላይ ላለች ሴት ኦፕራሲዮን የሚፈርመው ባሏ ነው፤ እሷ አጠገቡ ተኝታ እየሰማች" አለችኝ። ለዶክትሬቴ ሌላ ርዕስ አልፈለግኩም።

ፈላስፋ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነው። እኔ ግን የወለዱትን ሴቶች ራሳቸውን መስማት ፈለግሁ። ፕሮፖዛል ጻፍኩ፣ ዲፓርትመንቱ አሳለፈው፣ የድጋፍ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። እስከዚህ ችግር የለም። ርዕሱ ላይ "ፌሚኒስት" የሚለውን አውጪው ያሉኝ ነበሩ፤ አላወጣሁትም፤ እናንተም አታውጡት። ከዚያ ፋይሉ ወደ ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው ሄደ። ሰው ሁሉ አይአርቢ የሚለው ነው። የየትኛው ተቋም እንደሆነ አልናገርም።

ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረም። ስሄድ ጸሐፊዋ "እህቴ፣ ሰብሳቢው ወርክሾፕ ላይ ናቸው" ትለኛለች። ሌላ ቀን "ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም"። ሌላ ቀን ደግሞ ፋይሉ አንድ አባል ቤት ነው። በመጨረሻ የአስተያየት ዝርዝር መጣ። የናሙናው ብዛት በቀመር ይሰላ ይላል። መላምቱ የት አለ ይላል። እነዚህን ታገስኳቸው፤ ከላቦራቶሪ ለመጣ ሰው የፍልስፍና ጥናት እንግዳ ነው። መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ የሚል ነበረበት፦ ተሳታፊዎቹ ባለትዳር ከሆኑ የባል ፊርማ ይጨመርበት።

ሴት ልጅ የራሷን ሰውነት በተመለከተ ማን ፈረመ ብዬ ልጠይቅ ስሄድ፣ ለመጠየቁም ባሏ ይፈርም አሉኝ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የቀረቡኝ ሰዎች ምክር አንድ ዓይነት ነበር። "የተባልሽውን አስተካክለሽ እለፊ፤ ወረቀቱን ያዢና ከዚያ የፈለግሽውን ትሠሪያለሽ።" ይህን ምክር እናንተም ትሰማላችሁ። አትቀበሉት። ያንን ፊርማ በእጃችሁ ፎርም ላይ ካስገባችሁ ጥናታችሁ ያኔውኑ አልቋል። ባሏ እንዳያውቅባት የምትፈልገው ሴት፣ ማለትም ከሁሉ በላይ ልትሰሙት የሚገባው ድምፅ፣ አትመጣም።

ቀርቤ እንዳስረዳ ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አይደሉም። ረጋ ብለው "ልጄ፣ ባሏ ሳያውቅ ብታነጋግሪያትና ቤቷ ውስጥ ጠብ ቢነሳ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል? እኛ የምንጠብቀው እሷን ነው" አሉኝ።

ጥበቃ የሚለውን ክርክር እኔ የማውቀው ከታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ የመድኃኒት ሙከራዎች እንዳይገቡ የሚል መመሪያ አወጣ። ያም ለጥበቃ ነበር። የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በመካከሉ ሴቶች በሰውነታቸው በቂ ሙከራ ያልተደረገበትን መድኃኒት ሲውጡ ኖሩ። ይህን ነገርኳቸው። ጠብ ይነሳል ብለው የሚፈሩላት ሴት ባሏን ፈቃድ ጠይቂልኝ ብትባል፣ ጠቡን ያመጣነው እኛ እንሆናለን አልኳቸው። ምስጢሯን ለመጀመሪያ ጊዜ የምናወጣውም በዚያ ፎርም ነው።

ሌላው አባል ባህል አነሱ። እኛ አገር ውሳኔ የቤተሰብ ነው፣ ግለሰብ ብቻውን የሚወስነው የፈረንጅ ነገር ነው አሉ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ያከበርኩት ክርክር ይህ ነበር። ምክንያቱም ከፌሚኒስት ፈላስፎቹም ብዙዎቹ ከዚሁ ነው የሚነሱት። ካናዳዊቷ ሱዛን ሸርዊን ለምሳሌ፣ ሰው ከግንኙነቶቹ ተነጥሎ አይወስንም ትላለች። ግን እዚያ አትቆምም። ግንኙነት ሰውን እንደሚያቆም ሁሉ ሊጨቁነውም እንደሚችል፣ ስለዚህ የትኛው ግንኙነት ምን እያደረገ እንደሆነ መመርመር እንዳለበት ትላለች። ግንኙነት አለ ማለት ባል ይፈርም ማለት አይደለም። በኋላ ያነጋገርኳት አንዲት እናት "እናቴን ልጠራት አልኳቸው፤ ባልሽ ፈርሟል ብለው አስገቡኝ" አለችኝ። የእሷ ቤተሰብ እናቷ ነበረች። ፎርሙ ላይ ግን ለእናት ቦታ የለም።

በቃል የተባለው ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ "ውይይት ተደርጎበታል" በሚል አንድ መስመር እንደሚቀር ገባኝ። ስለዚህ ጻፍኩት። ሦስት ነገር አቀረብኩ። አንደኛው ሕጋችን ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነበር፤ በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን በቤተሰብ አስተዳደር እኩል አድርጓል። ኮሚቴው የጠየቀኝ በተሻረ ሕግ መንፈስ ነው። ሁለተኛው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 552 ነው። በመደፈር የተጸነሰ ጽንስ እንዲቋረጥ የጠየቀች ሴት፣ መደፈሯን ለማስረዳት የእሷ ቃል ብቻ ይበቃል ይላል። በዚህን ያህል ከባድ ጉዳይ ሕጉ ቃሏን ካመነ፣ ለአንድ ቃለ መጠይቅ ቃሏ እንዴት አይበቃም? ሦስተኛው ሲዮምስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ሳይንስ ድርጅቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ነው። መመሪያ 18 ላይ የሌላ ሰው ፈቃድ በምንም ሁኔታ የሴቷን የራሷን ፈቃድ ሊተካ እንደማይችል በግልጽ ተቀምጧል።

መጀመሪያ "እንደ አስፈላጊነቱ የባል ፊርማ" ብለው መለሱልኝ። አልተቀበልኩም። ለማን ነው የሚያስፈልገው? እንደገና ጻፍኩ። በመጨረሻ የጸደቀው "ተሳታፊዋ ከፈለገች ራሷ ከመረጠችው ሰው ጋር መማከር ትችላለች" ተብሎ ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። ከመመረቂያ ጽሑፌ ምዕራፎች ሁሉ በላይ እኮራበታለሁ።

ግን ዋጋ አስከፍሎኛል። እኔ ወረቀት ስጠብቅ ልትረዳኝ የተስማማችው አዋላጅ ነርስ ተዛወረች። ሊያስገባኝ ፈቃደኛ የነበረው ሆስፒታል ኃላፊው ተቀየረና ከዜሮ ጀመርኩ። ላነጋግራቸው ያሰብኳቸው ሴቶች አድራሻ ቀይረው ጠፉ። እነሱ የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ እኔ አልሰማሁትም። ይህ ይቆጨኛል፤ ንዴቱም አልወጣልኝም።

አሁን ራሴ የእንዲህ ዓይነት ኮሚቴ አባል ነኝ። ፋይል ሲመጣልኝ ፈቃድ መጠየቂያውን ከሁሉ አስቀድሜ አነባለሁ፤ የጠፋ ፊርማ ለመፈለግ ሳይሆን ሴትየዋ "አይሆንም" ብላ በሰላም ወደ ቤቷ መሄድ ትችል እንደሆነ ለማየት።

ለጀማሪዎች ጥቂት ነገር ልበል። ፎርሞቹ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያስቀድማሉ። ማንበብ ለማትችል ሴት አሻራ ብድር የወሰደችበትን ቀን ነው የሚያስታውሳት። ፈቃዱ በቃል፣ ምስክር ባለበት እንዲሆን ተከራከሩ። አማካሪያችሁ ከዓለም አቀፍ ጆርናል ጀምሩ ቢላችሁም፣ ከዚያ በፊት ዘመድ ስትወልድ አስታማሚ ሆናችሁ እደሩ። ለጥናት ብላችሁ አይደለም፤ ምንም አትመዝግቡ። ሌሊት ኮሪደር ላይ ማን ተጠርቶ ምን እንደሚጠየቅ በዓይናችሁ ካያችሁ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው የጻፉትን ፍልስፍና በሌላ ዓይን ታነቡታላችሁ።

ፋይል ሰኔ ላይ አታስገቡ፤ ክረምት የሚሰበሰብ ኮሚቴ እኔ አልገጠመኝም። መስከረምን ጠብቃችሁ አስገቡ። ለእያንዳንዱ አስተያየት በአንቀጽ ቁጥር መልሱ። እያንዳንዱን ደብዳቤ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስመቱበት፤ አንድ ቅጂ እናንተ ጋ ይቅር።